ሁለት ልጆች ይዘን ወደ ጎጃም

ኅዳር 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ መርካቶ አውቶቡስ ተራ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አልከደነም። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዕቃውን በፌስታል ቋጥሮ ጭኑ ላይ አቅፎታል። ውስጡ ያለውን አውቃለሁ፣ ማታ አብረን ነው ያሰናዳነው፤ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ የሁለተኛ ክፍል ካርድ፣ ሊያልቅ የደረሰ እርሳስ። ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ደግሞ እታለም ጀርባ ላይ ታዝላ እንቅልፍ ወስዷታል። እታለም የማሳደጊያው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት፤ ልጆቹ እንዲህ ስለሚጠሯት እኔም ለመድሁት። የልጆቹንም የቤቱንም ስም አልጽፍም።

ወደዚያ ቤት የገባሁት ሐምሌ ላይ ነው፣ ሁለት ወር በበጎ ፈቃድ ላገለግል። ክርስቲያናዊ ቤት ነው፤ ቀኑ ጠዋት በጸሎት ይጀመራል፣ ማታ በመዝሙር ይዘጋል። በሩን ያንኳኳ ልጅ አይመለስም። እኔ የገባሁ ዕለት አልጋዎቹን ቆጠርኩ፣ 28 ናቸው። ልጆቹ 71። ትንንሾቹ ሁለትም ሦስትም ሆነው ራስና ግርጌ ይተኛሉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እየቀሰቀስኩ ሽንት ቤት የማድረስ ተራ ደርሶኝ ነበር፤ በጨለማ የትኛው እግር የማን እንደሆነ ለመለየት ይቸግራል። ሞግዚቶቹ ሦስት ናቸው። ሦስት ሴቶች ለ71 ልጅ እናት ሊሆኑ አይችሉም፤ ልብስ አጥበው፣ አብልተው፣ ቅማል ለቅመው ሲመሽ ይወድቃሉ።

ከሁሉ ልቤን የሰበረው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ጣቴን ጨብጣ፣ ስሜን ሳትጠይቀኝ፣ «እትዬ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ። አሁን እታለም ጀርባ ላይ የተኛችው እሷ ናት። በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ይመጣል፣ ከረሜላ ያድላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ልጆቹ ይህን በልባቸው ይዘውታል። በመጣው ሁሉ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ በሄደው ሁሉ ላይ ያለቅሳሉ፣ ኋላ ኋላ ማልቀሱንም ይተዉታል። ማልቀስ የተወ ልጅ አይቼ እቤቴ ገብቼ እኔ አለቀስኩ።

ጓደኞቼን አስቸግሬ ገንዘብ አሰባሰብኩና አሥር ፍራሽ ገዛሁ። ደስ አለኝ። ወሩ ሳያልቅ አሥራ ሁለት አዲስ ልጆች ገቡ። ያን ሰሞን ነው እታለም ቢሮዋ አስገብታኝ የልጆቹን መዝገብ ያሳየችኝ። «ወላጅ አልባ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለ። ገጹን ሲገልጡት ግን አክስት አለች፤ አያት አሉ፤ የቀበሌ ስም፣ የቤተ ክርስቲያን ስም፣ «ገበያው ቅዳሜ የሚውልበት አገር» የሚል የልጅ ቃል አለ። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር እኮ ከእናትና ከአባቱ አንዱን ብቻ ያጣ ልጅም ወላጅ አልባ ተብሎ ይቆጠራል። እታለም «ፍራሽ ከምትገዢልኝ የመኪና መሳፈሪያ ብትችዪልኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። እንግዲህ ወደ ጎጃም የሄድነው በዚያ ምክንያት ነው።

አውቶቡሱ በጫንጮ፣ በፍቼ፣ በገብረ ጉራቻ አድርጎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ፀሐይ በርትታለች። አባይ በረሃን ስንወርድ ልጁ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ፤ ከፊታችን የተቀመጡ እናት ዞር ብለው አዩትና ከነጠላቸው ጫፍ ሎሚ ፈትተው «አሽትት፣ አባቴ» ብለው ሰጡት። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተውን ድልድይ ስንሻገር ሎሚው ገና አፍንጫው ላይ ነበር።

በዚያ ቁልቁለት ላይ ስለ ውጭ አገር ጉዲፈቻ አሰብኩ። ከአገራችን ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው የፈረሙ ወላጆች ነበሩ። በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው በሩን ዘጋው። መዘጋቱ ትክክል ነው እላለሁ። ነገር ግን ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ወደ ዘመድ የሚወስደው ካልተከፈተ፣ ልጁ መሐል ላይ፣ ራስና ግርጌ ተኝቶ ይቀራል። የሕጻናት ማሳደጊያ የመሠረቱትን ዶ/ር አበበች ጎበናን አስቡ። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፣ ከረሃቡ መሐል ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ ትዳራቸውን እስከማጣት የደረሱት በዚያ ነው። ዛሬ ድርጅታቸው በግቢው ካሉት ሌላ በየቤተሰባቸው ሆነው የሚያድጉ ልጆችንም ይደግፋል። ያን ትልቅ ሴት ያየ ሰው ማሳደጊያ ክፉ ነው አይልም፣ እኔም አልልም። ዘመድ ያለው ልጅ ሲገባበት ግን፣ የሌለው ልጅ አልጋ ያጣል።

ደጀንን አልፈን ወደ ቀኝ ስንታጠፍ አገሩ ሁሉ ጤፍ ሆነ። ጥቁሩ መሬት ላይ ጤፉ ደርሶ ተኝቷል፤ አጫጆች መስመር ሠርተው ይወርዱበታል። ከቀኑ 8 ሰዓት ብቸና ገባን።

የልጅቱ አጎት፣ የእናቷ ወንድም፣ ከከተማው ዳር ያለ ገበሬ ነው። ጥቅምት ላይ በወረዳው ሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ በኩል ተፈልጎ ተገኝቷል፤ የእኅቱ ልጅ በሕይወት እንዳለች ተነግሮታል። የእኅቱን መሞት ግን የነገረው የለም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። እሱ ሆስፒታል ተኝታለች ብሎ ያስባል። ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል! ሁለት ዓመት ሙሉ በቁማ እየጠራት የኖረ ወንድም ነው። መዝገቡ ላይ ስሙ ተጽፎ ሳለ፣ አዲስ አበባ አንድ መሳቢያ ውስጥ።

እታለም ያን ዕለት ልጅቱን ይዛ አልሄደችም። መጀመሪያ የሰፈሩን ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቱን አገኘች። አልጋ ቤት አደርን።

ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎቹ በሩን አንኳኩ። እኛ ከአጥሩ ውጭ ቆመናል። መጀመሪያ የሽማግሌው ድምፅ ተሰማ፣ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የሴት ጩኸት፤ ያን ጊዜ ከየቤቱ በር ተከፈተ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው ሮጡ። ልጅቱ እጄን ጨብጣለች። የሚለቀሰው ለእናቷ መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ እናቷንም በደንብ አታስታውሳትም። የአጎቷ ሚስት ከለቀስተኛው መሐል ወጥታ፣ ፊቷ እንደረጠበ፣ መጣችና ምንም ሳትናገር ከእጄ ወሰደቻት። ድንኳን በሚተከልበት ግርግር ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋን ከላይ ጣለችባት። ለቅሶው ሁሉ ከነጠላው ውጭ ቀረ።

ረፋድ ላይ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ደበሏቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው ከአጥሩ ደረሱ። «በእንተ ስማ ለማርያም!» በለቅሶው መሐል አንዲት ጎረቤት ተነሥታ የተቆረሰ እንጀራ ይዛ ወጣች። ታናሽየው ከስምንት ዓመት አይበልጥም። ዲማ ጊዮርጊስ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ ገጸ ባሕርይ በዛብህ በስለት ተሰጥቶ፣ ከማንኩሳ ወጥቶ የደረሰበት ደብር ነው። የተማሪ ኑሮ ብርድም የውሻ ንክሻም አለበት፤ አላሳምረውም። ነገር ግን ጎጃም ከቤቱ የወጣን ልጅ በአንድ ግቢ አጥሮ አላስቀመጠውም፤ እንጀራውን በየደጁ ተከፋፈለው። ይህን ያደረገ አገር የእኅቱን ልጅ ለማሳደግ የሚያንሰው ልብ አይደለም።

የሚያንሰው ሌላ ነው። የአጎትየው ሚስት አራት ልጆች አሏት፤ ከሰዓት በኋላ ከእታለም ጋር ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ተነጋገረች። ጫማ፣ ደብተር፣ ሳሙና። ሁለት በግ የሚገዛበት ገንዘብ በወረዳው ፊት ተፈርሞ ተሰጠ፤ በየወሩ እየተደወለ ይጠየቃል፣ ከፋሲካ በኋላ በአካል ይታያል። ይህ ሁሉ ወጪ ልጅቱን በማሳደጊያው ጥቂት ወራት ከሚያኖር ገንዘብ አይበልጥም፤ እታለም አስልታ አሳይታኛለች።

ስንሰናበት ልጅቱ የአጎቷን ሚስት ቀሚስ ይዛ ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺስ መቼ ነው የምትሄጂው?»

«እኔ? ወዴት እሄዳለሁ፣ የኔ እናት? ቤቴ እኮ ነው።»

ልጅቱ መልሱን የሰማች አልመሰለኝም። ቀሚሱን ግን አልለቀቀችም።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ የሚካኤል ዕለት ከልጁ ጋር ሞጣ ገባን። አያቱ ከከተማው ወጣ ብለው ወደ አባይ አቅጣጫ ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል። ልጁ ደጃፉ ላይ ውሻውን ፈርቶ ከኋላዬ ተደበቀ። እሳቸው በድምፅ ፈልገው መጡ፣ ራሱን ዳበሱት፣ ጆሮውን ዳበሱት፣ ከዚያ እጃቸው አንገቱ ላይ ደረሰና ቆመ።

«ማተቡስ?»

እኔም እታለምም መልስ አጣን። ክሩ ድሮ በእጥበት ብዛት ተበጥሷል፤ በዚያ ሁሉ ልጅ መሐል የአንዱን አንገት ያየለት አልነበረም። በክርስቲያን ቤት ስላደገ ሃይማኖት የጎደለው አልመሰለንም ነበር፤ አያቱ የጠየቁት ግን የእናቱን ክር ነው። ምንም አልተቆጡም። ከእንዝርታቸው ፈትል ስበው፣ ጭናቸው ላይ አክርረው፣ ሦስት ጊዜ አጥፈው አሰሩለት። ሲያስሩለት ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ እሱ ትንፋሹን ይዞ አንገቱን አቀርቅሯል።

ከዚያ ነው ወሬው የመጣው። እናቱ አልሞተችም። ልጁን አዲስ አበባ ለምታውቃት ሴት አደራ ሰጥታ ዓረብ አገር ሄዳለች፤ አደራ የተቀበለችው ሴት ጥላው ጠፋች። እናትየው በየበዓሉ በጎረቤት ስልክ እየደወለች «ልጄ ተገኘ ወይ?» ትላለች። መዝገቡ ላይ ወላጅ አልባ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ጎረቤትየው ዘንድ ሄዶ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። ስልኩ እስኪመሽ አልጠራም። ጎረቤትየው «ለገና አትቀርም፣ እደግ» አሉት።

ምሳው ሽሮ ነበር፤ ሚካኤል ቢሆንም ረቡዕ ነውና ይጾማል። እኚሁ ጎረቤት እየበላን ስለ ሰባራ ድልድይ አወጉን። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ድልድይ ነው፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በ1994 ዓ.ም. ለእግረኛ እስኪጠገን ድረስ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከሁለቱ ጫፍ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ጥገናውን ኋላ ጎርፍ ወስዶት ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል። «ገመዱን የሚይዙት እነማን ነበሩ?» አልኳቸው። «መንገደኛ ነዋ፣ የደረሰ ሁሉ» አሉኝ።

እዚያው አደርን። ማታ አያትየው መደባቸው ላይ ቁርበት አነጠፉና ልጁን አስተኙት። እሱ ዞሮ ራሱን በእግራቸው በኩል አድርጎ ተጋደመ።

«ምነው፣ ልጄ? ና እንጂ ወደዚህ።»

«ራስና ግርጌ ነው» አላቸው፣ እንደ ሕግ።

ከመደቡ ብድግ ብለው እሳቸው ዞረው በሱ በኩል ተኙ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውን መኪና ያዝን። እታለም መዝገቧን አውጥታ የሌላ ልጅ ገጽ ገለጠች። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ነው፤ «ደብረ ወርቅ፣ ከማርያም በታች፣ አክስቴ ጠላ ትሸጣለች» ይላል ቃሉ። ቀጠሮ አልነበረንም፤ የቀረንን ገንዘብ ቆጠርን፣ ለአንድ ሌሊት አልጋና ለነገው መሳፈሪያ ይበቃል። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሲቆም ረዳቱን ዕቃችንን እንዲያወርድልን ጠየቅነው።