የሕፃን ልቅሶ፤ ማታለል ወይስ መናገር?

«ይህቺ ልጅ ተንኮለኛ ናት፤ ሳስቀምጣት ታለቅሳለች፣ ሳነሣት ዝም ትላለች።» ውድ እናቶች፣ ይህንን አነጋገር ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችሁ፣ ከጎረቤቶቻችሁ፣ ምናልባትም ከገዛ አንደበታችሁ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። እኔ በምሠራበት ክፍል ውስጥ ካለነው ሴቶች መካከል ሦስቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ወልደው ወደ ሥራ ተመልሰዋልና የሻይ ሰዓት ወሬያችን ገሚሱ ይኸው ነው። አንዷ «እንዳትለምድብሽ ተያት፣ አልቅሳ ይወጣላታል» ትላለች። ሌላዋ «እንዴት አንጀትሽ ይችላል?» ብላ ትመልስላታለች። ክርክሩ ሳያልቅ ሰዓቱ ያልቃል። ለመሆኑ የሦስት ወር ልጅ ሰው ያታልላልን?

ማታለል እኮ ቀላል ሥራ አይደለም። አታላይ በመጀመሪያ እውነቱን ማወቅ አለበት፤ ቀጥሎም ሌላው ሰው እውነቱን አለማወቁን መገንዘብ፣ ከዚያም በዚያ ሰው ልብ ውስጥ ሐሰትን ማስገባት ይኖርበታል። ቅቤ ላይ ሙዝ ደባልቆ የሚሸጥ ነጋዴ ይህንን ሁሉ ያስባል። የሦስት ወር ሕፃን ግን እንኳንስ የእናቱን ሐሳብ ሊገምት፣ ፊቱ ላይ የሚወራጨው እጅ የራሱ መሆኑን ገና በማጥናት ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ሲያለቅስ እንባ እንኳ አይወርደውም። ያለው ድምፁ ብቻ ነው። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ሆዴን ነፋኝ፣ ደከመኝ፣ ብቻዬን ሆንኩ ለማለት ሁሉ የሚያገለግለው ይኸው አንድ ድምፅ ነው።

አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ጥናት 80 ያህል እናቶች የልጆቻቸውን ልቅሶ ቀን በቀን እንዲመዘግቡ አድርገው ነበር። ልቅሶው ከውልደት በኋላ እየጨመረ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት ግድም በቀን ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። የሚብሰውም ምሽት ላይ ነው። እነዚህ ጤነኞች፣ ጠግበው የሚያድሩ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ የአርባ ቀን ልጅ ይዛችሁ ምሽቱን ሙሉ እሹሩሩ ስትሉ ብታመሹ፣ ልጁ ተንኮል ተምሮ ሳይሆን ዕድሜው ስለሆነ ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሰቆጣ ነው። በዋግ ኽምራ ደጋ ልጅ የሚያድገው ጀርባ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናት ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ገበያ ስትወርድ ልጇ በአንቀልባ ታዝሎ አብሯት ይውላል። አያቴ ስለ ሕፃን ስትናገር «ያለቅሳል» የሚለው ቃል ከአፏ ብዙም አይወጣም ነበር። «እየጠራሽ ነው፣ አንሺው እንጂ!» ነበር የምትለው። የጎረቤት ልጅም ቢሆን ድምፁ ከተሰማት ሥራዋን ጥላ በአጥር ላይ ትጣራለች፤ «አንቺ፣ ልጅሽ ይጠራሻል!»። በእርሷ ዘንድ ልጁ አታላይ ነው ወይስ አይደለም የሚባል ጥያቄ ከቶ አልነበረም። የሚጠራ ሰው ይመለስለታል፣ አለቀ።

ይህንን ስል ግን የአያቶቻችንን ሁሉን ነገር ላሞካሽ አይደለም። ይኸችው አያቴ አዲስ ለተወለደ ልጅ እንገሩ ታልቦ ይደፋ፣ ቅቤም ይላስ ከሚሉት ወገን ነበረች። ዛሬ እንገር የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ያህል መሆኑን፣ እስከ ስድስት ወርም ከእናት ጡት በቀር ምንም እንደማያስፈልገው እናውቃለን። ማዘሉንም ቢሆን የዋግ ሴት የመረጠችው ሥራው ፋታ ስለማይሰጣት ጭምር ነው። በጀርባዋ ልጅ፣ በእጇ እንስራ ይዛ ዳገት የምትወጣ ሴት ድካሟ እንዳይዘነጋ።

የሆነ ሆኖ ማዘሉ ላይ አያቴ ትክክል ነበረች። በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ሁንዚከርና ባር የተባሉ ሐኪሞች 99 እናቶችን በሁለት ከፍለው፣ ገሚሶቹ ልጆቻቸውን ባያለቅሱም እንኳ በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት እንዲያቅፉ ወይም እንዲያዝሉ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1986 እንደገለጹት፣ የታቀፉት ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። ቀደም ሲል በኡጋንዳ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ሲያጠኑ የቆዩት ሜሪ ኤንስዎርዝም ከሲልቪያ ቤል ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1972 ተመሳሳይ ነገር ጻፉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለልቅሶ ፈጥነው የደረሱ እናቶች ልጆች በዓመቱ መጨረሻ የሚያለቅሱት አነስ ብሎ ተገኘ። በእርግጥ በ1991 እ.ኤ.አ. ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች ጉዳዩን እንደገና ሲመረምሩት ውጤቱን እንዲያ ቀጥተኛ ሆኖ አላገኙትም። ለጥቂት መነጫነጭ ትንሽ ዘግየት ማለት ልጁን አልቃሻ እንዳላደረገው አይተዋል። እንግዲህ ወጡ እንዳያርር አማስላችሁ እስክትመጡ ድረስ ልጁ ሁለት ደቂቃ ቢነጫነጭ የሚደርስበት ጉዳት የለም ማለት ነው።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። በ2009 እ.ኤ.አ. ጀርመናውያንና ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ገና ጥቂት ቀን የሆናቸውን ሕፃናት ልቅሶ ቀርጸው ሲያወዳድሩ፣ የፈረንሳይ ሕፃናት ልቅሶ ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ የጀርመኖቹ ወደ ታች የሚወርድ ሆኖ አገኙት፤ ልክ እንደ እናቶቻቸው ቋንቋ። ልጁ በማኅፀን ሳለ ሲሰማው የኖረውን ዜማ ይዞ ወጥቷል። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ቤት አማርኛም ኽምጣጋም እየተነገረ የሚወለደው ልጅ ታዲያ በየትኛው ዜማ ያለቅስ ይሆን?

«ልጄስ አድጓል፣ አሁንማ እያወቀ ነው የሚያደርገው» የምትሉ እናቶች ደግሞ አላችሁ። ትክክል ናችሁ። ከስምንትና ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የእኔ ልጅ በዘጠኝ ወሯ ጮኸ ብላ ታለቅስና ድንገት ቀጥ አድርጋ ታዳምጣለች፤ የእግሬን ኮቴ ካልሰማች ትቀጥላለች። በሩን ከፍቼ ስገባ ሣቋ ነው የሚቀበለኝ። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ናካያማም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ከልቅሶው በፊትና በኋላ ደስ ብሎት ስለሚታይ አንድ የ11 ወር ሕፃን የውሸት ልቅሶ ተርከዋል። ይህስ ማታለል አይደለም ወይ ብትሉኝ፣ ስሙን ማታለል ልትሉት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ልጅቷ የሰወረችው ነገር ምንድን ነው? የፈለገችው እኔን ነው፣ የጠራችውም እኔን ነው። እንዲያውም ልቅሶ ሰው እንደሚያመጣ ማወቋ፣ ሰው ድምፅዋን እንደሚሰማ ማመኗ ነው። እኔ ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ማልቀስ ምንም እንደማያመጣ የተማረ ልጅ ነው።

ይህንን የምለው በከንቱ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከዋግ ብዙ ሰው ምግብ ፍለጋ በእግሩ ወደ ኮረም ወርዶ ነበር። እኔ ያኔ አልተወለድሁም። እናቴ ግን ያንን ጊዜ ስታነሣ ስለ ልጆች ጩኸት አትናገርም። የምትናገረው ስለ ዝምታቸው ነው። ዝንብ ዓይናቸው ላይ ሲያርፍ እሽ የማይሉ፣ ጡት ሲሰጣቸው ፊታቸውን የማያዞሩ ልጆች። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ኀይሉን ለመተንፈስ ብቻ ይቆጥባልና ለልቅሶ የሚተርፈው የለም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ሲገባ ሰነዱ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማችን ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬም ጤና ባለሙያዎች ክንዱ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነን ልጅ ሲያገኙ፣ የታሸገውን ገንቢ ምግብ ሰጥተው በፍላጎት መብላቱን ያያሉ። ዝም ብሎ የሚገፋው ልጅ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ቀምሶ፣ ሲወሰድበት የሚያለቅሰው ግን እቤቱ ሆኖ ሊታከም ይችላል።

በከተማ ያለነው ሠራተኛ እናቶችም ዝምታን መስማት ያስፈልገናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው ዕረፍት 90 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ በሞግዚት ወይም በዘመድ እጅ ይውላል። ማታ ስንገባ «እንዴት ዋለ?» እንላለን። «ጎበዝ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ድምፁ አልተሰማም» ስትለን ደስ ይለናል። ደስታው ይቆየን። መቼ ጠባ? ስንት ጊዜ ሽንቱን ሸና? ሲነቃ ማን አነሣው? ድንገት ድምፁ የጠፋ፣ አልጠባ ያለ፣ የሚያተኩስ፣ ወይም ከወትሮው በተለየ ሲጢጥ ያለ ድምፅ የሚያወጣ ልጅ ሐኪም ማየት አለበት። ልቅሶው አላባራ ብሎ ትዕግሥት ሲያልቅ ደግሞ፣ ሞግዚቷም ሆነች እናንተ ልጁን አትነቅንቁት፤ መነቅነቅ የሕፃን አንጎል ያደማል። በማይወድቅበት ቦታ አስተኝታችሁት በረንዳ ወጥታችሁ አየር ውሰዱና ተመለሱ።

ለሞግዚቷም ይህንኑ ንገሯት። ሳሎኑን ሳትወለውለው ብትውል አትቆጧት፤ አንቀልባ ካላት፣ ወይም የነጠላ ማዘያ፣ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት አብራችሁ አሳዝሏት።