ከጠራው ውኃ ሥር ያለው ልጋግ

አብዛኞቻችን የዕቃን ንጽሕና የምንለካው በያዘው ውኃ ነው። ውኃው ከጠራ ጀሪካኑም ንጹሕ ነው ብለን እናምናለን። እኔ ይህን እምነት የተውኩት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለሁ ነው። ያስተወኝም የነርስነት ትምህርቴ ሳይሆን የራጅ ጨለማ ክፍል ነበር።

ዛሬ ራጅ በኮምፒዩተር ስለሚታይ ልጆቻችን ጨለማ ክፍልን አያውቁትም። በእኛ ጊዜ ፊልሙ በደብዛዛ ቀይ መብራት ሥር መጀመሪያ ምስሉን በሚያወጣው መድኃኒት፣ ቀጥሎም ምስሉን በሚያጸናው መድኃኒት ይነከር ነበር። በመጨረሻ ወደ 20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ውኃ ይታጠባል። ማጠቢያ ገንዳው ተራ ነገር ቢመስልም የሥራው ሁሉ መደምደሚያ እሱ ነው። የሚያጸናው መድኃኒት በደንብ ታጥቦ ካልወጣ ፊልሙ ከዓመታት በኋላ ቢጫ እየሆነ ይበላሻል። በየቤታችን ከተሰቀሉት የጥቁርና ነጭ የሠርግ ፎቶዎች አንዳንዶቹ የወየቡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፎቶ ቤቱ ቸኩሎ አጥቧቸዋል።

እሠራበት በነበረው ሆስፒታል የራጅ ባለሙያው ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን እርጥብ ፊልም ልቀበል ስገባ ወደ ገንዳው እያመለከቱ «እስኪ እጅሽን አስገቢና ግድግዳውን ዳብሺው» አሉኝ። ውኃው ኩልል ያለ ነበር። ጣቶቼ ግን ተንሸራተቱ። የገንዳው ግድግዳና ወለል ውኃ እንደጠጣ ተልባ በሚያሟልጭ ልጋግ ተሸፍኗል። «ይሄ ተገንጥሎ ፊልሙ ላይ ከደረቀ፣ ሐኪሙ የሳንባ ቁስል ሊመስለው ይችላል፤ ልጄ» አሉኝ። ሳንባ ነቀርሳ በሚፈራበት አገር አንዲት ነጠብጣብ ስንት ቤተሰብ እንደምታስጨንቅ ለመረዳት ነርስ መሆን አያስፈልግም።

ባለሙያው ልጋጉን የሚያጸዱበት መንገድ ቀላል ነበር፤ ግን ቅደም ተከተሉን አያዛቡም። ገንዳውን ባዶ ያደርጉታል። ማዕዘኖቹን፣ መውረጃውንና የውኃውን ጎማ ሳይቀር በብሩሽ ይፈትጋሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ በረኪና በውኃ በጥብጠው ያዳርሱታል፣ ደጋግመው ያለቀልቁታል። ሥራ በሌለበት ቀን ገንዳውን ባዶውን ከፍተው ያደርቁታል። መድኃኒቶቹ ባሉበት አጠገብ ግን በረኪና አይከፍቱም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ለመሆኑ በረኪናው ብቻ ለምን አይበቃም? ልጋጉ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ነው። ረቂቅ ተሕዋስያን እርጥብ ነገር ላይ ተለጥፈው፣ ከራሳቸው በሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ቤት ሠሩ ማለት ነው። የፊልሙ ሽፋን ደግሞ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ጄላቲን ስለሆነ ምግብ ይሆናቸዋል። ክሎሪን ሲጨመር ላይ ላዩን ያሉት ይሞታሉ፤ ሥር ያሉት በልጋጉ ተከልለው ይተርፋሉ። ኔዘርላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዩዌንሁክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1680ዎቹ ከጥርስ የተፋቀ ነጭ ነገር በራሱ ማጉያ መነጽር ሲመለከት ይህንኑ አስተውሏል፤ ኮምጣጤ የገደለው ከላይ ያሉትን ብቻ ነበር። የእኛ ሰው መነጽር ባይኖረውም መፋቂያ ነበረው። ጥርስ በመጉመጥመጥ ብቻ እንደማይጸዳ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ እዚህ ቱም ነው። አንዲት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸውን በተቅማጥ ለሦስተኛ ጊዜ ይዘውብኝ መጡ። «ሲስተር፣ ውኃው የምንጭ ነው፣ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ታዲያ ይሄን ልጅ ምን ነካብኝ?» አሉኝ። ሕፃኑ ዓይኑ ጎድጎድ ብሏል። ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ነግሬያቸው አብረን ስንወጣ ቤታቸው ጎራ አልን። እጄን ታጥቤ ጣቴን በጀሪካኑ አፍ አስገባሁ። ያው ልጋግ ነው። የሕፃኑ ሕመም ከጀሪካኑ ብቻ መጣ ማለት አልችልም፤ ተቅማጥ ብዙ በር አለው። ነገር ግን ለሕፃኑ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚበጠበጠው ከዚያው ጀሪካን በሚቀዳ ውኃ ነበር። መድኃኒቱን በበሽታው ቤት ውስጥ መበጥበጥ ማለት አይደል?

«ውኃ ሞልቼ ባሳድረው አይለቅም?» ብለው ጠየቁኝ። የቡና አገር ሰው ጥያቄ ነው። ከሚዛን እስከ ቴፒ ቡና በሚታጠብበት ቦታ ሁሉ፣ ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ያደረ ቡና ዝልግልጉ እየተብላላ ይለቃል፤ በማግስቱ በውኃ ይሄዳል። የጀሪካን ልጋግ ግን ተቃራኒ ነው። የቡናው ዝልግልግ ተሕዋስያን የሚበሉት ሲሆን፣ የጀሪካኑ እነሱ ራሳቸው የሚሠሩት ነው። ባደረ ቁጥር ይጠነክራል።

እንግዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጉ። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ባዶ አድርጋችሁ፣ የታጠበ ደቃቅ ጠጠር አንድ እፍኝ፣ ጥቂት ኦሞና 2 ሊትር ያህል ውኃ ጨምሩበት። ክዳኑን ግጠሙና በሁሉም ጎኑ እያገላበጣችሁ በኃይል ነቅንቁት። ጠጠሩ ብሩሽ የማይደርስበትን ይፍቃል። አፉንና ክዳኑን በብሩሽ ፈትጉ። ደፍታችሁ አለቅልቁት፤ አሁንም የሚያሟልጭ ከሆነ ድገሙት። ከዚያ በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በጥብጡ፣ ውስጡን ሁሉ እንዲነካ አገላብጡት፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁና አፉን ቁልቁል ደፍታችሁ አድርቁት። ይህ መጠን ለማጠቢያ እንጂ ለሚጠጣ ውኃ አይደለም፤ ለመጠጥ ውኃ የሚሸጠውን ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ተጠቀሙ። ሮቶ ያላችሁም ሕጉ ያው ነው፤ ባዶ ማድረግ፣ መፈተግ፣ ከዚያ በረኪና።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። የራጁ ባለሙያ ከመድኃኒቶቹ ያርቁት የነበረውም ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት አሲድ ስላለበት ነው። በለስላሳ ጠርሙስም አታስቀምጡት፤ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያይም።

እኛ አያቶች ልጆቻችን ሥራ ሲውሉ ቤት የምንጠብቅ ነን፤ ይህ ሥራ ለእኛ የተተወ ይመስለኛል። ጠጠር ያለበት ጀሪካን መነቅነቅ ለልጅ ጨዋታ ስለሆነ የልጅ ልጆቻችሁንም አግዙን በሏቸው። ሲጨርሱ ጣታቸውን አስታጥባችሁ የጀሪካኑን አፍ አስዳብሷቸው። የማያሟልጭ ፕላስቲክ ምን እንደሚመስል ያወቀ ልጅ፣ ነገ በራሱ ቤት የጠራ ውኃ ብቻ አይቶ አይታለልም።