እግር መጎተት

አንባቢዬ ሆይ፤ እንግሊዝኛ የምትማር ከሆንህ ከእኔ ስሕተት ተማር።

በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በተቀጠርሁ ሰሞን፣ እንግሊዛዊው አለቃዬ የጻፍሁትን ደብዳቤ አንብበው «ከነገ ጀምሮ ወንበሬን ላንተ እለቃለሁ» አሉኝ። ደንግጬ ዝም ብል፣ «አይ አም ፑሊንግ ዩር ሌግ» ብለውኝ ወጡ። «ፑል» መጎተት፣ «ሌግ» እግር መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ «እግርህን ትጎትታለህ» ያሉኝ መሰለኝ። በእኛ ዘንድ እግሩን የሚጎትት፣ ለሥራ የሚለግም ሰው ነው። ምሳዬን ትቼ እስኪመሽ ስጽፍ ዋልሁ። በማግሥቱ «ጌታዬ፣ ሁለተኛ እግሬን አልጎትትም» ብዬ ይቅርታ ብጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁ። ለካ ሲቀልዱብኝ ኖሯል!

እንግዲህ ልዩነቱን ያዝ። ወጌሻ የተወለቀ እግር ሲጎትት ቃሉ በቁሙ ነው። ሰው በቀልድ ሲያታልልህ ግን «ፑሊንግ ዩር ሌግ» ይባላል። ከእኛው አነጋገር ጋር የሚገጥመው «ድራጊንግ ሂዝ ፊት» የሚለው ነው፤ እሱም የዳተኛ ስም ነው።

ያን ዕለት «ምን ማለትዎ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ምሳዬ ባልቀረ። አለመጠየቅ እንጂ አለማወቅ ነውር የለበትም። ደግሞም እኒያው አለቃዬ አማርኛ ሲማሩ፣ «የእናቴ ናፍቆት ሆዴን በላው» ብላቸው «ቶሎ ሐኪም ቤት ሂድ» አሉኝ።