«ዞን 3» የት ነው?

የማስተምረው መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው። ባለፈው ረመዳን አዲስ አበባ ታላቅ እህቴ ዘንድ ሰነበትኩ። ባለቤቷ ለሥራ ውጭ አገር ስላለ ልጆቿን ይዛ ብቻዋን ናት፤ ለዚህም ብላ ቤቷን የማስጠንቀቂያ ደወል አስገጥማለታለች።

አንድ ሌሊት ሱሑር ሲቃረብ ደወሉ ጮኸ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ የሚያሳየው «ዞን 3» የሚል ብቻ ነው። እህቴ «የግቢው በር መሰለኝ» አለች። ዱላ ይዤ ወጣሁ፤ ማንም የለም። ለካስ «ዞን 3» የኩሽናው ጭስ ጠቋሚ ኖሯል! እህቴ ድስት ጥዳ እንቅልፍ ጥሏት፣ ወጡ አርሮ ኩሽናው በጭስ ታፍኗል። ትንሹ ልጇ የተኛው ከኩሽናው ቀጥሎ ባለው ክፍል ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም አወጣነው። በግቢው በር ያባከንኳት ጊዜ ግን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ዞን ማለት አንድ ወይም ከዚያ በላይ ጠቋሚዎች በአንድነት የሚታወቁበት የቤቱ ክፍል ነው። ቁጥሩ ለገጠመው ባለሙያ ይበቃዋል፤ ከእንቅልፉ ለባነነ ሰው ግን ምንም አይነግረውም።

የመንዝ አባቶች ይህን ያውቁበት ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የጓሳ ሣር ለአስቦና ለጌራ ተከፍሎ፣ በየወገኑ አለቃ ተሹሞለት ይጠበቅ ነበር። ሣሩ በተከለለበት ወቅት ማጭድ ይዞ የገባ ሲታይ፣ የተነካው የማን ድርሻ እንደሆነና ኃላፊው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ወሰንና ባለቤት ያልተለየለት ጥበቃ ጩኸት ብቻ ነው።

በማግስቱ ደወሉን ወደ መሞከሪያ አዙረን፣ እህቴ በርና መስኮቱን አንድ በአንድ ስትከፍት እኔ ሰሌዳውን እያየሁ ጻፍኩ። «ዞን 1፣ የግቢ በር። ዞን 2፣ የጓሮ በር። ዞን 3፣ ኩሽና፣ ጭስ።» ሰሌዳው የኛን ፊደል ስለማይቀበል ወረቀቱን ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ለጠፍነው። የሚስጥር ቁጥሩን ግን አልጻፍንበትም። ስሞቹንም ቤተሰቡ በሚጠራቸው አጠራር አደረግናቸው፤ «መኝታ ክፍል 2» ሳይሆን «የእማማ ክፍል»።

በመጨረሻ ትንሹን ልጅ ጠርቼ፣ «3 ቢጮህ ወዴት እንሄዳለን?» አልኩት። ወረቀቱን አነበበና በጣቱ ኩሽናውን አሳየኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ደወል ያላችሁ ዛሬውኑ ልጆቻችሁን ጠይቁ።