ፍምና ዝግ ቤት

ክረምቱ በርትቶ ብርዱ አጥንት ሲሰረስር፣ በሩን ቀርቅሮ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፎ፣ የከሰል ምድጃውን ከአልጋ አጠገብ አኑሮ መተኛት በየሰፈራችን የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ሕሊናዬን ሲያስጨንቀው የኖረውን ይህን ነገር ለወዳጆቼ ሁሉ እነሆ እጽፋለሁ። ጢሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ክፉው ያለፈ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ መልክም ሽታም ስለሌለው፣ ዓይንም አፍንጫም አይመሰክሩበትም። ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ፣ ኦክስጅንን ለብልቶች ሁሉ ከሚያደርሰው የደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃልና፣ ሰውዬው አየር እየሳበ ሳለ ልቡና አንጎሉ ይራባሉ። አስቀድሞ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል፤ እንቅልፍ የወሰደው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ነፍሱ ከሥጋው ትለያለች፤ በማኅፀን ያለ ፅንስም ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል።

ለታፈነ ሰው ወተት ማጠጣት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ደሙን የያዘው መርዝ የሚለቀው በንጹሕ አየርና በሐኪም ቤት በሚሰጥ ኦክስጅን ብቻ ነውና፣ እናቶቼ፣ እባካችሁ ምድጃውን ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ አውጡት።