አባታችን የተዉልን አሮጌ አውቶሞቢል

በቤተ ሰብ ገጽ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ልጅ አስተዳደግ፥ ስለ ወጥ ቤትና ስለ ንጽሕና ብቻ ሊሆን ይገባል ብሎ የሚያስብ አንባቢ፥ እኔ ስለ አንድ አሮጌ አውቶሞቢል መጻፌን አይቶ ይገረም ይሆናል። ዳሩ ግን ይህ አውቶሞቢል ከቤታችን ገብቶ የወንድምንና የእኅትን ልብ የመረመረ ስለ ሆነ፥ ነገሩ በእውነት የቤተ ሰብ ነገር ነው። ስለዚህ አንባቢዎቼ በትዕግሥት እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ቤታችን በአዲስ አበባ ከተማ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፥ በወሎ ሰፈር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጎተራ የሚወስደው ሰፊ መንገድ ዛሬ የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ተብሎ ይጠራል፤ እኔ ልጅ በነበርሁበት ጊዜ ግን በደጃችን የሚታየው የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ አጥር ነበረ። አባታችን በ1968 ዓ.ም. አገራችንን ለቆ ከሚሄድ አንድ የውጭ አገር ሰው መርሴዲስ ቤንዝ 280 ኤስ. ኢ. የተባለውን አውቶሞቢል ገዙ። አውቶሞቢሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1970 የተሠራ፥ ባለ ስድስት ሲሊንደር፥ 160 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነው። ቤንዚኑን የሚያገኘው እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች በካርቡራቶር ሳይሆን፥ እየለካ በሚረጭ ፖምፓ ነው። በፖምፓው ላይ የአየሩን ግፊት የሚያውቅ ትንሽ መሣሪያ ተቀምጦበታል፤ አገሩ ከፍ ብሎ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ወደ ቆላ ሲወርድም ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላላት፥ አባታችን ወደ አዋሽ ወርደው በተመለሱ ቁጥር «ይህ ደጋንና ቆላን ለይቶ የሚያውቅ አውቶሞቢል ነው» እያሉ ይመኩበት ነበር።

ከአውቶሞቢሉ ጋር ሰማያዊ ሽፋን ያለው አንድ ደብተር ነበራቸው። ዘይት የተለወጠበትን፥ ካንዴላ የተገዛበትን፥ ጎማ የተጠገነበትን ቀንና ኪሎ ሜትሩን በዚያ ይጽፉ ነበር። ቤንዚን በኩፖን ይታደል በነበረበት ዘመን፥ ያገኙትን ሊትርና የሄዱበትን ስፍራ ሁሉ አንድም ሳይቀር መዝግበዋል። ይህን ደብተር አንባቢዎቼ እንዲያስታውሱልኝ እወዳለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

አባታችን በ1995 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። እናታችን በቤቱ እንዲኖሩ ከተስማማን በኋላ፥ የቀረውን ሀብት እኔና ታላቅ እኅቴ በሽማግሎች ፊት ተካፈልን። አውቶሞቢሉ በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ ቆሞ ነበር፤ ጎማው ተነፍሷል፥ አይጥ በወንበሩ ውስጥ ጎጆዋን ሠርታለች። ሽማግሎቹ 12,000 ብር ገመቱትና «ወንድ ልጅ ነውና መኪናው ለርሱ ይሁን» ብለው ለእኔ ሰጡኝ፤ ለእኅቴም ከባንክ ካለው ገንዘብ ልክ 12,000 ብር ደረሳቸው። ሁላችንም ፈረምን። እውነቱን ለመናገር፥ የከሰርሁ እኔ ነኝ ብዬ አዝኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድሁት። እርሳቸውም ኮፈኑን ከፍተው ካዩ በኋላ፥ «ልጄ፥ የቆመ መኪና ከሚሄድ መኪና ይልቅ ቶሎ ያረጃል» አሉኝ። እንዲህም ሆኖ ተገኘ፤ ቤንዚኑ በታንከሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ደርቆ ፖምፓውን ይዞታል፤ የፍሬኑ ጎማዎች ተሰነጣጥቀዋል፤ ከበሩ በታች ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቷል። መለዋወጫ ፍለጋ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ስመላለስ ብዙ ቅዳሜ አለፈ፤ በዚያ የታጣውንም ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ያመጣልኝ ነበር። ሞተሩ እንደ ገና በተነሣ ቀን ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝም ብለው ድምፁን ሲያዳምጡ አየሁ። እኔም የአባቴን ደብተር አውጥቼ ከመጨረሻው መሥመር ቀጥዬ ጻፍሁ።

እንዲህ ስል ብዙ ዓመት ሲያልፍ፥ ሰው የናቀው አሮጌ አውቶሞቢል ዋጋው ከፍ እያለ ሄደ። ይህ በእኛ አገር ብቻ የተደረገ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ፥ ከሁለት በላይ ያልተሠራ አንድ የ1955 የመርሴዲስ 300 ኤስ. ኤል. አር. አውቶሞቢል በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል፤ ሻጩ ፋብሪካው ራሱ ሲሆን፥ ገንዘቡ ለወጣቶች ትምህርት መርጃ እንዲውል ተደርጓል። በእኛ ዘንድ ግን ለዋጋው መጨመር ሦስት የራሳችን ምክንያቶች አሉ። መጀመሪያ፥ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186፥ ያገለገለ አውቶሞቢል ወደ አገር በሚያስገባ ሰው ላይ ታክሱን እንደ ዕድሜው አከበደበት። ሁለተኛ፥ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ሦስተኛ፥ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ በሩ በተዘጋ ጊዜ በግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ተወደደ ማለት ነው።

ዋጋ የሰውን ዓይን እንዴት እንደሚለውጥ ለማወቅ የሚወድ ሰው፥ ለሕዝብ ክፍት ወደ ሆነው ወደ ብሔራዊው ቤተ መንግሥት ሄዶ የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አውቶሞቢሎች ይመልከት። እነዚያ የሚያብረቀርቁ ታላላቅ አውቶሞቢሎች ሳሉ፥ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዚያ ግቢ የወጡት በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። ሰው ያን ጊዜ እንደ ውርደት የቈጠራት ያች ቮልስ፥ ዛሬ ወጣቶች ቀለም ቀብተውና ወልውለው የሚኰሩባት ሆናለች። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፥ በዳገት ላይ ውሃዋ ፈላ ተብሎ አትቆምም፤ በሜክሲኮ አገር የመጨረሻዋ እስከ ተሠራችበት እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ይህን ያህል ብዛት ያላት እንኳ ከተወደደች፥ ጥቂት ብቻ የቀረው እንዴት አይወደድ?

ባለፈው ዓመት አንድ ጨዋ ወጣት ወደ ቤቴ መጥቶ አውቶሞቢሉን ዞሮ ካየ በኋላ ሁለት ሚሊዮን ብር ልክፈልህ አለኝ። ደብተሩን ባሳየሁት ጊዜ ግን ዓይኑ ከአውቶሞቢሉ ይልቅ በደብተሩ ላይ ቀረ። ለካ የአሮጌ አውቶሞቢል ወዳጆች ከቀለሙና ከወንበሩ ይልቅ፥ ታሪኩ ከመጀመሪያ ጀምሮ በጽሑፍ የተያዘለትን አብልጠው ይፈልጋሉ፤ ጽሑፉ ኪሎ ሜትሩ እውነተኛ፥ ጥገናውም በጊዜው የተደረገ ለመሆኑ ምስክር ነውና። «ደብተሩ ከሌለ ግን 300,000 ብር እቀንሳለሁ» ብሎ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቶኝ ሄደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች የወላጃቸውን ውርስ እኩል እንዲካፈሉ ያዝዛል፤ እኛም እኩል ተካፍለን ፈርመናል። በሕግ በኩል ጭማሪው የእኔ ነው። ነገር ግን ሁለት ሚሊዮኑን በልቤ ከፋፈልሁት። ጥቂቱ አባታችን መልካም ነገር መርጠው በመግዛታቸው የተገኘ ነው፤ ጥቂቱ የእኔና የሽማግሌው መካኒክ ድካም ነው፤ የሚበልጠው ግን ከአዋጁና ከምንዛሪው የመጣ፥ ማንም ያልደከመበት ነው። ማንም ያልደከመበትን እኔ ብቻዬን ልበላው ይገባልን? እኅቴ ሰምተው ዝም ቢሉ እንኳ፥ በየበዓሉ ፊታቸውን ሳይ ምን ይሰማኝ ይሆን?

በነጋታው ወደ እኅቴ ቤት ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። «እትዬ፥ ያወጣሁትን ወጪ ቀንሰን የቀረውን እኩል እንካፈል» አልኋቸው። እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሁሉ በሒሳብ ሥራ ያሳለፉ ሴት ናቸውና ፈገግ ብለው እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፤

«ወንድሜ፥ በ1996 ያወጣኸው አንድ ብርና የዘንድሮው አንድ ብር እኩል አይደሉምና ወጪህን እንቀንስ ብንል ሒሳቡ አያልቅልንም። ደግሞስ እኔ የደረሰኝን 12,000 ብር ለልጄ ትምህርት ከፈልሁበት፤ ልጄ ዛሬ መሐንዲስ ሆና ትሠራለች። አንተ የመኪናውን ትርፍ ብታካፍለኝ፥ እኔስ የልጄን ደመወዝ ላካፍልህ ነውን? አንተም የደረሰህን ጠበቅህ፥ እኔም የደረሰኝን ዘራሁ። በገንዘቡ በኩል ቅሬታ የለኝም።»

ዕፎይ ልል ስል ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ቅሬታዬ ሌላ ነው» አሉኝ። «በክፍያው ቀን ሽማግሎቹ ያን ሰማያዊ ደብተር እንደ መኪናው ዕቃ ቈጥረው ከቁልፉ ጋር ሰጡህ። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንተ ደብተሩን ስለ ዘይቱና ስለ ካንዴላው አንብበኸው ይሆናል። የ1972ን የጥምቀት ዕለት ፈልገህ አንብብ።»

ወደ ቤቴ ተመልሼ ፈለግሁት። በአባቴ ደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ «ጥር 11 ቀን፤ ጃንሜዳ ለጥምቀት፤ የኋላ ቀኝ ጎማ ተነፈሰ፤ ልጄ መፍቻ እያቀበለችኝ ለወጥሁት፤ ጎበዝ ናት።» ይህን ገጽ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ገልጬዋለሁ፤ ያነበብሁት ግን ጎማውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ እያስተዋልሁ ብመለከት፥ ባትሪ በተሞላበት፥ ራዲያተር በታጠበበት፥ ብሎን በጠበቀበት ቀን ሁሉ የእኅቴ እጅ አለበት። እኔ በዚያ ጊዜ በእናታችን ጀርባ ታዝዬ የምሄድ ሕፃን ነበርሁ። ከአባታችን ጋር አብሮ የደከመችው ልጅ ሳለች፥ «ወንድ ነውና» ተብሎ ለእኔ የተሰጠኝ መሆኑን በሃያ ዓመቴ አወቅሁ።

ቀጠሮው በደረሰ ጊዜ ወጣቱ መጣ። ደብተሩ ለእኅቴ እንደ ተሰጠና እንደማይመለስ ነገርሁት። እርሱም በቃሉ ጸንቶ 300,000 ብር ቀነሰ፤ አልቀየምሁትም፤ አስቀድሞ ነግሮኛልና። በዚያ ዋጋ ለመሸጥ እችል ነበር፤ ነገር ግን ከእኅቴ ጋር ሳልመክር ልሸጠው ልቤ እንቢ ስላለኝ በሰላም አሰናበትሁት። እስከ ዛሬም አልሸጥሁትም።

በተከታዩ እሑድ እኅቴ እናታችንን ሊጠይቁ ወደ ወሎ ሰፈር መጡ። ቁልፉን ሰጠኋቸውና መሪውን ያዙ፤ ወደ ጎተራ ወርደው ተመለሱ። እናታችን ከኋላ ተቀምጠው «ቀስ በይ» እያሉ ይቈጡ ነበር። እኅቴም ከወረዱ በኋላ ደብተሩን ከቦርሳቸው አውጥተው፥ ከአባታችንና ከእኔ ጽሕፈት በታች ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ከዚያም በሁለታችን ፊርማ አንድ ወረቀት አደረግን፤ ይኸውም አውቶሞቢሉ ወደ ፊት ቢሸጥ በሁለታችን ምክር ብቻ እንዲሸጥ ነው። የብሩን ክፍያ ግን አልጻፍንበትም፤ እኅቴ አልፈቀዱምና።

ይህን የጻፍሁት ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላስተውል የኖርሁ ሰው ልመሰገን አይገባኝም። በየግቢው ጥላ ሥር ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ አውቶሞቢል ያላችሁ አንባቢዎቼ ግን ሁለት ነገር ታደርጉ ዘንድ እመክራለሁ። አንደኛው፥ በወር ሁለት ጊዜ እንኳ ሞተሩን አስነሥታችሁ ጥቂት ንዱት፤ የተደረገለትንም ሁሉ በደብተር ጻፉ። ሁለተኛውና የሚበልጠው፥ ውርስ በምትካፈሉበት ቀን «ይህ ዋጋው ስንት ነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፥ «ከዚህ ዕቃ ጋር አብሮ የደከመ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የዕቃው ዋጋ በአዋጅና በምንዛሪ ይወጣል ይወርዳል፤ ያልተጠየቀች እኅት ቅሬታ ግን ዓመት ባለፈ ቁጥር ይከብዳል እንጂ አይቀልም።