ሰባቱ ሳሙራይ እና ሦስቱ ቅጂዎቼ

እህቴ «አንተ ፊልም አይደለም የምታየው፣ ቅጂ ነው» ትለኛለች። ምስጋና እንዳልሆነ ይገባኛል። አንድን ፊልም፣ ያውም የሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ ፊልም፣ በሦስት ዓይነት ቅጂ ደጋግሞ ማየት እሷ ዘንድ የሥራ ፈት ሥራ ነው። «ታሪኩን ካወቅከው በኋላ ጥራቱ ምን ይሠራልሃል?» ትላለች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ብዙዎቻችን ፊልም የወደድነው በመጥፎ ቅጂ ነው፤ በመጥፎ ቅጂ መውደድ ከተቻለ ደግሞ ጥሩው ቅጂ ለምን ያስፈልጋል?

ፊልሙ አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው። ላላያችሁት በአጭሩ፦ 16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጃፓን፣ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን። የአንድ መንደር ገበሬዎች ገብሱ ሲደርስ ሽፍቶች ተመልሰው እንደሚመጡ ይሰማሉ። ገንዘብ የላቸውም፣ ያላቸው ሩዝ ነው። ሩዙን ለተዋጊዎቹ ሰጥተው እነሱ ዳጉሳ የመሰለ እህል እየበሉ ሰባት ሳሙራይ ያመጣሉ። ከዚያ ዝግጅት፣ ከዚያ ውጊያ። ይኸው ነው። ግን ይኸው አይደለም።

የመጀመሪያ ቅጂዬ ፍላሽ ላይ የተጫነልኝ 700 ሜጋባይት ፋይል ነበር። አስሉት፦ 207 ደቂቃ በ700 ሜጋባይት ማለት ለአንድ ሰከንድ ምስልም ድምፅም ተደምሮ ግማሽ ሜጋቢት እንኳ አይደርስም። ፋይል የሚያሳንሰው ሶፍትዌር ሥራው ቀላል ነው፤ አንዱን ፍሬም ከቀጣዩ ጋር ያወዳድርና የተቀየረውን ብቻ ይመዘግባል። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ግድግዳው ስለማይቀየር ብዙ ቦታ ይተርፋል። ዝናብ ሲመጣ ግን ጉድ ይፈላል። ዝናብ ላይ ሁሉም ነገር፣ በየፍሬሙ፣ በየነጥቡ ይቀየራል። ሶፍትዌሩ ቦታ ሲያጥረው ምስሉን በካሬ በካሬ እየጨፈለቀ ያልፋል።

የሰባቱ ሳሙራይ የመጨረሻ ውጊያ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ዝናብ ነው። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ፈረስ፣ ሩጫ፤ በአንድ ጊዜ በብዙ ካሜራ፣ ከሩቅ በሚያቀርብ ሌንስ የተቀረጸ። የሲኒማ ታሪክ ውስጥ በጣም የተወራለት ውጊያ እኔ ቤት የደረሰው ግራጫ ሞዛይክ ሆኖ ነው። አንድ ሰው ይወድቃል፤ ማን እንደወደቀ የማውቀው ሌሎቹ ስሙን ሲጠሩ ነው። ይባስ ብሎ ፊልሙ የተቀረጸው ወደ ካሬ በተጠጋ የድሮ ቅርጽ ነው፤ ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው ግን ሰፊውን ቴሌቪዥን ይሙላ ብሎ ወደ ጎን ለጥጦታል። ቀጭኑና ዝምተኛው ጎራዴኛ ክዩዞ ደህና ምሳ የበላ ነጋዴ መስሎ ነበር።

ያም ሆኖ አለቀስኩ። ይሄን መካድ አልፈልግም።

ግን ስለ ወረቀቷ ልንገራችሁ። የሳሙራዮቹ መሪ ካምቤ (ታካሺ ሺሙራ ነው የሚጫወተው፣ ራሱን ሲያሻሽ ብቻ ሙሉ ቀን ባየው አይሰለቸኝም) ሽፍቶቹን በክብ በክብ ምልክት ወረቀት ላይ አስቀምጧቸዋል። አርባ ናቸው። አንድ ሽፍታ በሞተ ቁጥር አንድ ክብ ይሰርዛል። ኩሮሳዋ ወረቀቷን ደጋግሞ ያሳየናል፤ የውጊያው ሒሳብ እሷ ነች። ስንት ቀሩ? ይበቃናል? አይበቃንም? ተመልካቹ ከመንደርተኛው ጋር አብሮ እንዲቆጥር ነው የታሰበው። በፍላሹ ቅጂ ወረቀቷ ነጭ ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ቡና ነበረች። ታሪኩን ተከታትያለሁ፣ አዎ። አልቆጠርኩም ግን። መቁጠርና አለመቁጠር ደግሞ በሌላው ሰው ፍርሃት ውስጥ መግባትና ፍርሃቱን በወሬ መስማት ነው።

ሁለተኛው ቅጂ ዲቪዲ ነው፤ አሳታሚውን አልጠራም። ዲቪዲ ዓለምን በክልል ከፋፍሎ ነበር የሚሸጠው (እዚያም ክልል አለ)፦ አሜሪካ 1፣ ጃፓን 2፣ እኛ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር 5። የእኔው የአውሮፓ ነበር፤ የሚሮጠውም 199 ደቂቃ ነው። ስምንቱ ደቂቃ የት ሄደ? አልተቆረጠም። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ የአውሮፓው የቴሌቪዥን ሥርዓት ግን 25 ስለሚፈልግ ፊልሙን ፈጠን አድርገው ያጫውቱታል። አራት በመቶ ብቻ ነው። እህቴ «ስምንት ደቂቃ ተረፈን» ብላ ደስ አላት። የቶሺሮ ሚፉኔ ድምፅ ግን ቀጠን ብሏል፤ ያ ከሆዱ የሚወጣ ጩኸት የጎረምሳ ይመስላል።

የዲቪዲው ትልቁ ጥፋት ሌላ ነው፤ «አጽድተውታል»። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የሚርመሰመሰውን ደቃቅ ነጥብ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። አይደለም። ነጥቡ ብርሃን ሲነካው የጠቆረው ብር ነው፤ ምስሉ የተሠራው ከእሱ ነው። በሶፍትዌር ስታጠፉት ከሱ ጋር የቆዳ ሽብሽብ፣ የሣር ዛላ፣ የሽማግሌ ጢም አብሮ ይሄዳል። የመንደሩ አዛውንት ፊት በዲቪዲዬ እንደ ሻማ ለስልሶ ነበር። የመቶ ዓመት መከራ የተጻፈበትን ፊት አሹት።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን፦ አዳሾቹ ከባድ ዕዳ ነው የተረከቡት። በቀረጻው ጊዜ ካሜራ ውስጥ ያለፈው ዋናው ኔጋቲቭ ዛሬ የለም። ያለው ከእሱ የተገለበጠ፣ ከተገለበጠው ደግሞ የተገለበጠ ነው። የብራና ሰዎች ይሄን ነገር በደንብ ያውቁታል፦ ጸሐፊው በገለበጠ ቁጥር አንድ ነገር ይወድቃል፣ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ዋናው ሲጠፋ ያለው ምርጫ ከቀሩት ወደ ምንጩ የቀረበውን መፈለግ ነው። ፊልሙ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ተጎሳቁሏል። ለውጭ ገበያ ከአርባ ደቂቃ በላይ ተቆርጦ ነው የወጣው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በሌላ ርዕስ ነበር፤ ያንኑ ርዕስ በኋላ በ1960 የካውቦዩ ቅጂ ወሰደው። ሙሉውን ፊልም እቤት ቁጭ ብሎ ማየት ራሱ የዘገየ ዕድል ነው።

ሦስተኛውን ቅጂ፣ ብሉሬዩን፣ አንድ ጓደኛዬ ከውጭ ሲመጣ በዩኤስቢ ከሚሰካ ማጫወቻ ጋር ይዞልኝ መጣ። እዚህ ላይ «ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» ማለት ይጠበቅብኛል። አይደለም። ጭረት አለ፣ አንዳንድ ቦታ ምስሉ ይርገበገባል፣ ድምፁ አሁንም አሮጌና ባለ አንድ መስመር ነው። ግን ዝናቡ ዝናብ ነው። ክሩ ይታያል። ጭቃው ከሰው እግር ሲታጠብ ይታያል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ ሴት ታየችኝ።

ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። (ያላያችሁ ይሄን አንቀጽ ዝለሉት፤ እውነቴን ነው።) ሦስት ሳሙራዮችና ሪኪቺ የሚባለው ገበሬ የሽፍቶቹን ጎሬ ሊያቃጥሉ በንጋት ይሄዳሉ። ሪኪቺ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ነገር የሚያፍነው ሰው ነው፤ ስለ ሚስት በጨዋታ ሲነሳበት እንኳ በንዴት ተነስቶ ይሄዳል። በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውስጥ እናያለን። ሽፍቶቹ ተኝተዋል። አንዲት ሴት ብድግ ትላለች፤ ጥሩ ልብስ ለብሳለች፣ ዓይኗ ግን ባዶ ነው። ጭሱን ታያለች። ልትጮህ ትችላለች። አትጮህም። ዝም ብላ እሳቱን ታያለች፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ያልፋል። ማን እንደሆነች የሚነገረን ዘግይቶ ነው፤ የሪኪቺ ሚስት ነች። ከውጭ ባሏን ስታይ ተመልሳ ወደ እሳቱ ትሮጣለች።

በፍላሹ ቅጂ ይሄ ሁሉ ጥቁር ነበር። ጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ብድግ አለ፣ ከዚያ ተቃጠለ። በዲቪዲው ፊት አለ፣ ፈገግታው ግን ከነጥቡ ጋር ታጥቦ ሄዷል። እህቴ ሁለቱንም ጊዜ «ይህቺ ደግሞ ማን ነች?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በብሉሬዩ አልጠየቀችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። የቤቱን ዝምታ ጎረቤት ቴሌቪዥን ነው የሰበረው።

የሴትየዋ ታሪክ በንግግር አይነገርም፤ ማንም ተነስቶ «ምን እንደደረሰባት ልንገራችሁ» አይልም። ያለው አንድ ፊት ነው፣ ጥቂት ሰከንድ። መንደሩ ስለሷ ዝም ብሏል፣ ባሏ ዝም ብሏል፣ ጭራሽ መጥፎ ቅጂም ሲጨመርበት ያቺን ጥቂት ሰከንድ ተነጠቀች። ጥራት የሀብታም ቅብጠት ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ እሷ ነች። የጀግኖቹን ፊት መጥፎ ቅጂም ያሳያችኋል፤ በቅርብ፣ በብርሃን የተቀረጹ ናቸውና። መጀመሪያ የሚጠፉት ከኋላ የቆሙት፣ ጨለማ ውስጥ ያሉት፣ ገበሬዎቹና ሴቶቹ ናቸው። ኩሮሳዋ ደግሞ ከኋላ የቆመ ሰው ያለ ምክንያት አያቆምም።

ሰብታይትሉም የዚሁ ወገን ነው። የገበሬ ልጅ ሆኖ ሳሙራይ ነኝ የሚለው ኪኩቺዮ፣ ገበሬዎቹ ከሞቱ ሳሙራዮች የገፈፉት የጦር ልብስ ሲገኝ የሚያወርደው የእሳት ንግግር አለ፦ ገበሬ ውሸታም ነው፣ ስስታም ነው፣ ግን እንዲህ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ እያለ ሳሙራዮቹን ፊት ለፊት ይወቅሳቸዋል። በፍላሹ ቅጂ ይሄ ሁሉ አራት መስመር ነበር፣ ያውም ከአፉ ዘግይቶ የሚመጣ።

ቶሆ፣ የፊልሙ ባለቤት፣ በ4ኬ ያሳደሰውን ቅጂ በ2016 አሳይቷል፤ የ4ኬ ዲስኩ ደግሞ በ2024 በእንግሊዝም በአሜሪካም ወጥቷል። እኔ ጋ ማጫወቻውም ቴሌቪዥኑም የለም፣ ስለዚህ አልቸኩልም። ዋናው ኔጋቲቭ ከሌለ ፒክስል ማብዛት የጠፋውን እንደማይመልስ አውቃለሁ። እስከዚያው በብሉሬዩ አንድ አዲስ ሱስ ይዞኛል። ኩሮሳዋ ከአንድ ትዕይንት ወደ ሌላው ሲሻገር አዲሱ ምስል አሮጌውን እንደ መጋረጃ ከጎን እየገፋ ይመጣል። በዚያ ዘመን ይሄ የሚሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ፊልሙን እንደገና በመገልበጥ ነበር፤ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ማለት ነው። በጥሩ ዲስክ ላይ በደንብ ካያችሁ መጋረጃው ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ምስሉ ድንገት ይደበዝዛል፣ ነጥቡ ይወፍራል። ሰዎቹ ገና እያወሩ ነው፤ እኔ ግን ትዕይንቱ ሊያልቅ መሆኑን ከእነሱ ቀድሜ አውቃለሁ።